ሁለቱ የሃች ሕጎች፦ ርካሹ ክኒንና ፖለቲካ የሚፈራው የመንግሥት ሠራተኛ

አሜሪካ ውስጥ «የሃች ሕግ» የሚባል ነገር ሁለት ነው። ፖስታ ቤት የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ አንዱን ታውቁታላችሁ፤ ምርጫ በደረሰ ቁጥር «እኔ እንኳ በዚህ ነገር ውስጥ መግባት አልችልም፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ» የሚልበት ሕግ ነው። ሁለተኛውን በስሙ ባታውቁትም ኪሳችሁ ያውቀዋል። ሐኪሙ ስሙ የታወቀ ክኒን አዞላችሁ ፋርማሲስቱ በጥቂት ዶላር ሌላ የሚሰጣችሁ በእሱ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያውን ያመጣው ካርል ሃች ነው፣ የኒው ሜክሲኮ ዴሞክራት ሴናተር፣ በ1939። ሁለተኛውን የዩታው ሪፐብሊካን ኦሪን ሃች ከካሊፎርኒያው ዴሞክራት ሄንሪ ዋክስማን ጋር ሆኖ በ1984 አወጣው፤ ለዚህ ነው ሃች-ዋክስማን የሚባለው። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሴናተሮቹን የሚያገናኛቸው ስም ብቻ ነው። እኔ አንድ ላይ ያመጣኋቸው በሌላ ምክንያት ነው፦ እዚህ አገር ያለን ሐበሾች ሁለቱንም ከሚገባው በላይ እንፈራቸዋለን። ጀነሪክ (ሌላ ኩባንያ የሚሠራው፣ የታወቀው መድኃኒት ርካሽ አቻ) ሲሰጠን «ርካሹን ሰጡኝ» ብለን እንጠረጥራለን፣ የመንግሥት ሥራ ስንይዝ ደግሞ ፖለቲካ ጨርሶ የተከለከለ ይመስለናል። ሁለቱም ልክ አይደለም።

መጀመሪያ ክኒኑ

አንድ ኩባንያ አዲስ መድኃኒት ሲያገኝ ፓተንት ያወጣል። ዛሬ ባለው ሕግ ፓተንቱ ካመለከተበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሰው ያንን መድኃኒት ሠርቶ መሸጥ አይችልም። ዋጋውን የሚወስነው ባለቤቱ ብቻ ነው ማለት ነው።

ከ1984 በፊት ሁለቱም ወገን ያለቅስ ነበር። ባለ ፓተንቶቹ «ፓተንቱን ካወጣን በኋላ መድኃኒቱን በሰው ላይ ስንሞክር፣ ከዚያም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ኤፍዲኤ ወረቀታችንን ሲያገላብጥ፣ ዓመቶቹ ያልቃሉ፤ ገበያ ስንገባ የቀረን ጊዜ ትንሽ ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ጀነሪክ ሠሪዎቹ ደግሞ የባሰ ነበር ችግራቸው። በ1962 የወጣው ሕግ ማንኛውም መድኃኒት ደህንነቱ ብቻ ሳይሆን በትክክል እንደሚሠራም በጥናት እንዲረጋገጥ ያዛል፤ ጥሩ ሕግ ነው፣ ብቻ ከዚያ በኋላ ለወጡት መድኃኒቶች ጀነሪክ ሊሠራ የፈለገ ሰውም በአብዛኛው ያንኑ ውድ ጥናት እንደገና ከዜሮ እንዲሠራ ያስገድደው ነበር። የተረጋገጠን ነገር እንደገና ለማረጋገጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚከሰክስ ማን አለ? ማንም። ስለዚህ ፓተንታቸው ያለቀ 150 የሚሆኑ መድኃኒቶች ተፎካካሪ ሳይመጣባቸው እንደ በፊቱ በውድ ይሸጡ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከሚታዘዘው መድኃኒት ጀነሪኩ 19 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር። ዛሬ 90 በመቶ ገደማ ነው።

በ1984 ሚያዝያ ላይ ነገሩን የሚያባብስ ፍርድ መጣ። ቦላር የሚባል ጀነሪክ ሠሪ ሮሽ የተባለውን ኩባንያ የእንቅልፍ ክኒን ሊሠራ አስቧል። ፓተንቱ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት ለሙከራ ብሎ 5 ኪሎ ጥሬ ዕቃ ከውጭ አስገባ። ሊሸጥ አይደለም፣ ለኤፍዲኤ የሚያቀርበውን ጥናት ቀደም ብሎ ሊጨርስ ነው። ሮሽ ከሰሰውና ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለሮሽ ፈረደ፦ ለሙከራም ቢሆን ፓተንቱ ሳያልቅ መንካት ክልክል ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ፓተንቱ ባለቀ ማግስት ሙከራውን ትጀምራላችሁ፣ ከዚያ የኤፍዲኤን ፈቃድ ትጠብቃላችሁ፣ በዚህ መሃል ባለ ብራንዱ (መድኃኒቱን መጀመሪያ ያወጣው ኩባንያ) ያለ ፓተንት ለተጨማሪ ዓመታት ብቻውን ይሸጣል። ማንም ያልሰጠው ምርቃት።

ፕሬዚዳንት ሬገን ሃች-ዋክስማንን የፈረሙት ከዚያ ፍርድ ከ5 ወር በኋላ፣ መስከረም 24 ቀን 1984 ነው። ሕጉ ሰጥቶ መቀበል ነው። ለጀነሪኮቹ፦ የራሳችሁን ትልቅ ጥናት አትሠሩም፣ ክኒናችሁ ከብራንዱ ጋር አንድ መሆኑን ብቻ አሳዩ፤ ፓተንቱ ሳያልቅም ለኤፍዲኤ ብላችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ለባለ ብራንዶቹ ደግሞ፦ በጥናትና በፈቃድ ጥበቃ ከባከነባችሁ ጊዜ እስከ 5 ዓመት ይመለስላችኋል፣ ግን ከፈቃዱ በኋላ የሚቀራችሁ የፓተንት ዘመን በጠቅላላው ከ14 ዓመት መብለጥ የለበትም። በዚያ ላይ ፈጽሞ አዲስ ለሆነ ንጥረ ነገር ፓተንት ኖረም አልኖረ የ5 ዓመት ከለላ ተጨመረላቸው።

«አንድ መሆኑን አሳዩ» የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ጥርጣሬያችን ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጀነሪኩ ዋናው ንጥረ ነገር፣ መጠኑ፣ ዓይነቱ (ክኒን ከሆነ ክኒን፣ ሽሮፕ ከሆነ ሽሮፕ) እና አወሳሰዱ ከብራንዱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 36 የሚሆኑ ጤነኛ ሰዎች ይመጣሉ። አንድ ሰው አንድ ቀን ብራንዱን ይውጣል፣ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ጠርቶ እስኪወጣ ይጠበቅና በሌላ ቀን ጀነሪኩን ይውጣል። በሁለቱም ቀን በየሰዓቱ ደም ይወሰድበታል። የሚለካው ሁለት ነገር ነው፦ መድኃኒቱ ደም ውስጥ የደረሰበት ከፍተኛው መጠን፣ እና በጠቅላላው ምን ያህል እንደገባ።

እዚህ ጋ ነው «ከ80 እስከ 125 በመቶ» የሚባለው ቁጥር የሚመጣው፣ ሰዉም «አሃ፣ ጀነሪክ 20 በመቶ ደካማ ሊሆን ይችላል ማለት ነው» ብሎ የሚደመድመው። እንደዚያ አይደለም። ያ ልክ የሚሠራው ለአማካዩ ብቻ አይደለም፤ በአማካዩ ዙሪያ ያለው የስሌት ጥርጣሬ ጭምር፣ ግራና ቀኙ በሙሉ፣ በ80 እና በ125 መካከል ማረፍ አለበት። ስለዚህ እውነት 20 በመቶ ደካማ የሆነ ክኒን ፈተናውን ሊያልፍ አይችልም። ኤፍዲኤ ከ2,000 በላይ እንዲህ ያሉ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ በጀነሪኩና በብራንዱ መካከል ያለው አማካይ ልዩነት 3.5 በመቶ ገደማ ሆኖ ነው ያገኘው። ያው ብራንድ ራሱ ከአንዱ ዙር ምርት ወደ ሌላው ትንሽ ትንሽ እንደሚለያይ አትርሱ።

ታዲያ ቀለሙ ለምን ተለየ? ለምን ክቡ ሞላላ ሆነ? መልኩን መቅዳት በንግድ ምልክት ሕግ ስለሚያስከስስ ነው። ከጥራት ጋር አይገናኝም። የሚለየው ሌላው ነገር ማጣበቂያው፣ ማቅለሚያው፣ ካፕሱሉ ነው፣ ይሄ ደግሞ ለአንዳንድ ሰው ቁም ነገር ነው። ላክቶስ የማይስማማው አለ። ካፕሱሉ የሚሠራበት ጄላቲንም ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ስለሆነ ጾም ወይም ሐላል የሚያሳስበው ሰው ፋርማሲስቱን ቢጠይቅ አያፍርም፣ የለመዱት ጥያቄ ነው። ሌላ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ እንደ ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛው) ወይም ለእንቅርት የሚወሰደው ሌቮታይሮክሲን ያሉ፣ ትንሽ የመጠን ለውጥ የሚያስቸግርባቸው መድኃኒቶች ላይ ካንዱ አምራች ወደ ሌላ ስትቀይሩ ሐኪማችሁ ይወቅ። ይሄ ጀነሪክ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ከጀነሪክ ወደ ብራንድ ስትሄዱም ያው ነው።

ብርቱካናማው መጽሐፍና የሮክቪል ድንኳን

ሕጉ ሰላም አላመጣም። ጦርነቱን ሥርዓት አስያዘው ቢባል ይሻላል።

ኤፍዲኤ የፈቀዳቸውን መድኃኒቶች የሚዘረዝር አንድ መጽሐፍ አለ። በ1980 ጥቅምት ላይ መጀመሪያ ሲዘጋጅ ሃሎዊን ስለነበር ሽፋኑን ብርቱካናማ አደረጉት፣ ስሙም ብርቱካናማው መጽሐፍ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ከሃች-ዋክስማን በኋላ ባለ ብራንዱ መድኃኒቱን የሚሸፍኑለትን ፓተንቶች እዚያ ላይ ያስመዘግባል። ጀነሪክ ሠሪው ከፓተንቱ ማለቅ በፊት መግባት ከፈለገ «ይሄ ፓተንት ዋጋ የለውም፣ ወይም የእኔ ክኒን አይነካውም» ብሎ ማመልከቻው ላይ ይጽፋል። ኤፍዲኤ ማመልከቻውን እንደተቀበለው ካሳወቀ በ20 ቀን ውስጥ ለባለ ብራንዱ መንገር አለበት። ባለ ብራንዱ በ45 ቀን ውስጥ ከከሰሰ፣ ክሱ ይረባም አይረባም፣ ኤፍዲኤ የመጨረሻውን ፈቃድ እስከ 30 ወር ድረስ ይይዛል። ሁለት ዓመት ተኩል። በቀን ሚሊዮን ዶላሮች ለሚያስገባ መድኃኒት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ይሄን ሁሉ ጣጣ ችሎ ፓተንት ለሚፈትን ሰው ማበረታቻ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀድሞ ያመለከተው ጀነሪክ ለ180 ቀን ብቻውን ከብራንዱ ጋር ይሸጣል፤ ሌላ ጀነሪክ አይገባበትም። ስድስት ወር ብቻ ነው፣ ግን ለጀነሪክ ኩባንያ ትልቁ ትርፍ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ጉዱ የመጣው «ቀድሞ» ከሚለው ነው። ኩባንያዎች ማመልከቻቸውን በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ለማስገባት ሰው ይልኩ ጀመር። ሜሪላንድ ሮክቪል፣ ብዙዎቻችን ከምንኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሳይርቅ፣ የኤፍዲኤ ሕንፃ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው ያድራሉ። አንዳንዱ አንድ ሌሊት፣ አንዳንዱ ከሦስት ሳምንት በላይ ሰፍሮ ይከርማል፣ ለአንድ ክኒን ወረፋ። በመጨረሻ የሕንፃው ባለቤት መሰለፉን ከለከለ፣ ኤፍዲኤም በ2003 በአንድ ቀን ያመለከቱ ሁሉ እኩል «መጀመሪያ» ናቸው ብሎ ገላገላቸው።

ባለ ብራንዶቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የድብርት መድኃኒቱ ፓክሲል ታሪክ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። ክሱ እየተካሄደ ኩባንያው አዲስ ፓተንት ያስመዘግባል፣ በአዲሱ ይከስሳል፣ ሌላ 30 ወር ይጀመራል፤ ደግሞ ሌላ ፓተንት። አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ከ5 ዓመት በላይ ሄደ። ኮንግረስ በ2003 ነቅቶ ለአንድ ማመልከቻ አንድ 30 ወር ብቻ አለ።

ሌላው ዘዴ ይበልጥ ያናድዳል። ባለ ብራንዱ ጀነሪኩን ይከስሳል፣ ከዚያ «እንታረቅ» ይልና ገንዘብ የሚከፍለው ከሳሹ ይሆናል! ገንዘቡን ወስደህ እስከዚህ ዓመት ድረስ ገበያ አትግባ ነው ነገሩ። ሁለቱም ይጠቀማሉ፣ የሚከፍለው በሽተኛው ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2010 ይሄ አሠራር የአሜሪካን ተጠቃሚ በዓመት 3.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስከፍል ገምቶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 አክታቪስ በተባለው ጉዳይ 5 ለ3 በሆነ ድምፅ እንዲህ ያለ እርቅ በውድድር ሕግ ሊያስጠይቅ እንደሚችል ወሰነ። «ሁልጊዜ ሕገወጥ ነው» አላለም፣ እየታየ ይዳኝ ነው ያለው። ስለዚህ ክርክሩ አላለቀም።

በ2024 መጨረሻ ደግሞ ፍርድ ቤት የአስም መተንፈሻ ላይ ወሰነ፤ ቴቫ፣ የእስራኤሉ ግዙፍ ኩባንያ፣ ያስመዘገባቸው ፓተንቶች የመተንፈሻውን ዕቃ እንጂ መድኃኒቱን አይመለከቱም፣ ከብርቱካናማው መጽሐፍ ይውጡ ተባለ። የሚገርመው ቴቫ ስሙን ያገነነው በጀነሪክ ነው። ብራንድ ሲይዝ ግን ያው እንደሌላው ፓተንቱን ይደረድራል።

ይሄ ሁሉ ግፊያ ለምን እንደሆነ ከዋጋው ይታያል። በ2019 የወጣ የኤፍዲኤ ጥናት እንዳለው አንድ ጀነሪክ ብቻ ሲገባ የጀነሪኩ ዋጋ ከብራንዱ 39 በመቶ ያንሳል። ሁለት ሲሆኑ 54፣ አራት ሲሆኑ 79፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ከ95 በመቶ በላይ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ፣ እዚህ ግን ስድስት ቢሆኑ ነው የሚያዋጣው። ዋጋ የሚያወርደው የፓተንቱ ማለቅ ሳይሆን የተፎካካሪው መምጣት ነው። ዳራፕሪም የተባለውን መድኃኒት አስታውሱ። ፓተንቱ ካለቀ ዘመን የለውም፣ ግን ሌላ የሚሠራው አልነበረም፤ በ2015 አዲሱ ባለቤት አንዷን ክኒን ከ13.50 ዶላር ወደ 750 ዶላር ሲያወጣት የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። ተፎካካሪ ጀነሪክ ለመሥራት ደግሞ ለማወዳደሪያ የሚሆን የብራንዱ ናሙና ያስፈልጋል፣ እሱን «አልሸጥም» የሚሉ ነበሩ። ናሙና አልሰጥም ማለትን የሚያስከስስ ሕግ የወጣው በ2019 ታኅሣሥ ነው።

አንድ የሚያሳፍር ምዕራፍ ሳልነካ አላልፍም፣ ጀነሪክን የሚጠራጠር ሰው እሱን ቢያነሳ መብቱ ነውና። በ1980ዎቹ መጨረሻ ማይላን የተባለ ጀነሪክ ሠሪ ማመልከቻዎቹ እየዘገዩበት የሌሎቹ ሲያልፉ ያያል። ጠረጠረና የግል መርማሪዎች ቀጠረ። መርማሪዎቹ የአንድ የኤፍዲኤ ባለሙያን የቤት ቆሻሻ ሳይቀር አገላበጡ፣ ከተፎካካሪዎች የመጣ ጥቅማ ጥቅም ማስረጃም አገኙ። ለኮንግረስ ተሰጠ። በ1989 ፈነዳ። ባለሙያዎች ጉቦ በልተው ተፈረደባቸው። ቪታሪን የተባለ ኩባንያ ደግሞ ለፈተና ያቀረበው የራሱን መድኃኒት ሳይሆን የብራንዱን ሆኖ ተገኘ፤ በራሱ ካፕሱል ከትቶ። ይሄ ሁሉ በ1992 እንዲህ የሚያደርግ ኩባንያና ሰው ከሥራው የሚታገድበትን ሕግ አስወለደ። የዛሬው ቁጥጥር ከዚያ ቅሌት የተማረ ነው።

አሁን ደግሞ ፖስታ ቤቱ

የ1939ኙ ሕግም ከቅሌት ነው የተወለደው። በሩዝቬልት ዘመን፣ በድቀቱ ወቅት፣ ሥራ ላጣ ሰው መንገድና ድልድይ እያሠራ ደመወዝ የሚከፍል ደብሊው ፒ ኤ የተባለ ትልቅ የመንግሥት ፕሮግራም ነበር። በ1938 ምርጫ የዚህ ፕሮግራም ሠራተኞች በኬንታኪና በሌሎች ግዛቶች ለዕጩ እንዲያዋጡ፣ ለእገሌ እንዲመርጡ ይገፉ እንደነበር ቶማስ ስቶክስ የተባለ ጋዜጠኛ አጋለጠ፣ በዚያ ሥራው የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት የምናውቅ ሰዎች ነገሩ አይገርመንም። ልጆቹን የሚያበላበት ደመወዝ ባንድ አለቃ እጅ ያለ ሰው «አዋጣ» ሲባል እምቢ ሊል ይችላል? የካርል ሃች ሕግ የመጣው ለዚያ ሰው ነው። ሠራተኛውን ለማፈን አልነበረም፣ ከአለቃው ለመጠበቅ ነበር።

ችግሩ፣ ሕጉ ሲወጣ ጠባቂነቱ ከልክ አለፈ። አለቃውንም ሠራተኛውንም አንድ ላይ አሰረ። ሠራተኛ ከሥራ ውጭ፣ በገዛ ጊዜው እንኳ፣ ለዕጩ ቤት ለቤት መቀስቀስ አይችልም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1947 እና በ1973 ሁለቴ ሕጉን አጸናው፤ የሁለተኛው ጉዳይ ባለቤቶች ራሳቸው የፖስታ አመላላሾች ማኅበር ነበሩ። የተለወጠው በ1993 ነው፣ በክሊንተን ዘመን። አሁንም ድረስ ከአንጋፋ ሠራተኞች የምንሰማው «ጨርሶ አትንኩ» የሚለው ምክር አብዛኛው ከ1993 በፊት የነበረው ሕግ ነው። እነሱ አልዋሹም፣ ሕጉ ነው ጥሏቸው የሄደው።

ዛሬ እንዴት ነው? አንድ ፖስታ አመላላሽ እንያዝ። ሰዓት ላይ እያለ፣ ወይም ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ወይም በመንግሥት መኪና፣ ወይም በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ፣ ምንም የምርጫ ቅስቀሳ የለም። ኮፍያ የለም፣ ባጅ የለም፣ በምሳ ሰዓት እንኳ ሕንፃው ውስጥ ከሆነ ፌስቡክ ላይ የዕጩ ፖስተር ሼር ማድረግ የለም። ቢሮ ተቀጥሮ ከቤቱ የሚሠራም ከሆነ ያው ነው፣ ሶፋው የራሱ ቢሆንም ሰዓቱ የመንግሥት ነው። ሰዓቱ አልቆ፣ ዩኒፎርሙን አውልቆ፣ ከግቢው ሲወጣ ግን መልኩ ይለወጣል። ይመርጣል፣ ያስመዘግባል፣ ሰልፍ ይወጣል፣ ቤት ለቤት ይቀሰቅሳል፣ ግቢው ላይ የዕጩ ምልክት ይተክላል፣ ከኪሱ ያዋጣል።

ከኪሱ ያዋጣል አልኩ፣ ከሰው ኪስ አይለምንም። ይሄ 24 ሰዓት የሚሠራ ክልከላ ነው፣ ሥራ ላይ ሁኑ አትሁኑ። እኛ ደግሞ መዋጮ እንወዳለን። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይቶ፣ እንጀራ ተጋግሮ፣ ለአንድ የምክር ቤት ዕጩ እራት ሲዘጋጅ አይታችሁ ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛው መጥቶ መብላት ይችላል፣ ቲኬት ከፍሎ መግባት ይችላል፣ ተነስቶ ስለ ዕጩው መናገርም ይችላል። ቲኬት መሸጥ ግን አይችልም። የቴሌግራም ግሩፑ ላይ የመዋጮውን ሊንክ መለጠፍም አይችልም። ቤቱ ውስጥ እራቱን ራሱ ማዘጋጀት አይችልም፤ ሚስቱ የመንግሥት ሠራተኛ ካልሆነች ግን እሷ አዘጋጅታ እሱ በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆኖ መገኘት ይችላል። አይሳቅም፣ ደንቡ ላይ እንዲህ ነው ያለው።

አንድ ጥያቄ ከእኛ ሰው ዘንድ ይመጣል፦ ስለ አገር ቤት ጉዳይ ዋይት ሃውስ ፊት ሰልፍ ብወጣስ? ይሄ ሕግ የሚመለከተው የፓርቲና የዕጩ ጉዳይን ነው። ስለ አንድ ጉዳይ ከሥራ ሰዓት ውጭ መጮህ፣ እገሌን ምረጡ እገሌን ጣሉ እስካልመጣበት ድረስ፣ የሃች ሕግ ጉዳይ አይደለም።

ለምርጫ መወዳደርስ? የፓርቲ ስም ለሚቀርብበት ምርጫ አይቻልም። ፓርቲ ለሌለበት፣ ለምሳሌ በብዙ ቦታ ለትምህርት ቤት ቦርድ፣ ይቻላል። ከዚህ ውጭ ደግሞ ብዙ ሐበሻ የማያውቀው ልዩ ፈቃድ አለ፦ የፌዴራል ሠራተኛ በሚበዛባቸው የዋሽንግተን ዙሪያ አካባቢዎች፣ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ፌርፋክስ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ፣ እዚያ የሚኖር ሠራተኛ ፓርቲ ባለበት የአካባቢ ምርጫም በግል ዕጩነት መወዳደር ይችላል። የምንኖርበት ሰፈር ዝርዝር ነው እኮ የጠራሁት። እነ ኤፍቢአይ፣ ሲአይኤ፣ ሲክሬት ሰርቪስ ግን የተለዩ ናቸው፤ እነሱ ላይ ከ1993 በፊት የነበረው ጥብቅ ሕግ እስከ ዛሬ አልተነሳም።

ሕጉን የሚያስፈጽመው የልዩ አማካሪው ቢሮ የሚባል የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ቅጣቱ ከወቀሳ እስከ ከሥራ መባረር ይደርሳል። ከ2012 በፊት መነሻው መባረር ነበር፣ ቢቀል ቢቀል ለ30 ቀን ያለ ደመወዝ መታገድ። ደግሞ በ1940 በተጨመረው አንቀጽ ሕጉ የፌዴራል ገንዘብ የነካቸውን የክልልና የከተማ ሠራተኞችም ይይዝ ስለነበር የማይመስል ነገር ይሰማ ነበር። ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ ፖሊስ ለትምህርት ቤት ቦርድ ልወዳደር ቢል አትችልም ተባለ። ምክንያቱ? አብሮት የሚሠራው ውሻ፣ ጥቁር ላብራዶር፣ ወጪው የሚሸፈነው ከፌዴራል ገንዘብ ስለሆነ። ያን ጊዜ የቢሮው ኃላፊ የነበሩት ካሮሊን ለርነር ራሳቸው ሕጉ ይለወጥ ብለው በአደባባይ የጻፉት እንዲህ ያለውን እየጠቀሱ ነው። በ2012 ተሻሻለ፤ የክልልና የከተማ ሠራተኛ አሁን ከመወዳደር የሚታገደው ደመወዙ ሙሉ በሙሉ ከፌዴራል የሚመጣ ከሆነ ብቻ ነው።

ትልልቆቹ ላይ ግን ሕጉ ጥርሱ ይደነዝዛል። ፕሬዚዳንቱና ምክትሉ መጀመሪያውኑ አይነኩም። በ2012 የጤና ሚኒስትሯ ካትሊን ሲቢሊየስ፣ በ2016 የቤቶች ሚኒስትሩ ሁሊያን ካስትሮ ጥሰዋል ተብሎ ሪፖርቱ ለፕሬዚዳንቱ ሄደ፣ ሁለቱም ሥራቸው ላይ ቆዩ። በ2019 ቢሮው የፕሬዚዳንት ትራምፕ አማካሪ ኬሊያን ኮንዌይ ከዋይት ሃውስ ትሰናበት ብሎ እስከመምከር ደረሰ፣ ትራምፕ አላሰናበቷትም። የሚቀጣው ፕሬዚዳንቱ ከሆነ የገዛ ሰውን ማን ይቀጣል? ፖስታ አመላላሹ እንዲህ ያለ ጌታ የለውም። ደግነቱ ባለፈው ትልቅ ጉዳይ ጣቱ የተቀሰረው በሠራተኛው ላይ አልነበረም፦ በ2016 ምርጫ 97 አመላላሾች ማኅበራቸው ለደገፋቸው ዕጩዎች እንዲቀሰቅሱ ያለ ክፍያ ፈቃድ ተሰጥቷቸው ሄደው ነበር፣ ቢሮው በ2017 ጥፋቱ የፖስታ ቤቱ አስተዳደር ነው አለ፤ ማኅበሩ የሰጠውን ስም ዝርዝር ተቀብሎ ሠራተኛ መልቀቅ ከገለልተኛነት ወጥቷል ተብሎ።

ግራ የገባው ሠራተኛ ከመሥራቱ በፊት ይሄንኑ ቢሮ በጽሑፍ መጠየቅና መልስ ማግኘት ይችላል፣ በነፃ ነው። ጓደኛን ከመጠየቅ ይሻላል።

ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው የሚስተው። በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ የሚሠራ ሁሉ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም። የፌዴራል መሥሪያ ቤት በር ላይ የቆመው ጥበቃ፣ ከሥር መኪና የሚያቆመው፣ ማታ የሚያጸዳው፣ አብዛኛው ደመወዙን የሚቀበለው ከግል ኮንትራክተር ነው፣ የሃች ሕግ ደግሞ ኮንትራክተርን አይመለከትም። የቀጣሪውን ደንብና የሕንፃውን ሥርዓት ማክበር ይኖርበታል፣ ያ ሌላ ነው። ቅዳሜ ዕለት ግን ለእገሌ ምረጡ እያለ ቲኬት ቢሸጥ፣ የመዋጮ ሊንክ ቢበትን፣ ራሱም በፓርቲ ስም ቢወዳደር፣ ይሄ ሕግ አያገኘውም።